የጋራ እናትነት በብሪታንያ ክሊኒኮች፦ በሁለት ፋይሎች መሃል የሚወድቀው

አንዷ እንቁላሏን ትሰጣለች፤ እንቁላሉ ላብራቶሪ ውስጥ በለጋሽ ዘር ተዳቅሎ ሌላዋ አርግዛ ትወልዳለች። የብሪታንያ የመካንነት ሕክምና ክሊኒኮች «የጋራ እናትነት» እያሉ ለሴት ጥንዶች የሚያቀርቡት አገልግሎት ይኸው ነው። ስፔን ውስጥ «ሮፓ» ይባላል፤ አሜሪካ ደግሞ «ሪሲፕሮካል አይቪኤፍ» ይሉታል። እዚህ የምንመዝነው የብሪታንያውን ነው። ሕጉ በግልጽ የተጻፈ፣ ተቆጣጣሪውም ኤችኤፍኢኤ የሚባል አንድ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደሚጎድል ለይቶ መናገር ይቻላል። ተለይቶ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። የላብራቶሪው ሥራ ከአምስት አራት ተኩል ይገባዋል። መድኃኒቱና ክትትሉ አራት። የወረቀቱ ሥራና እርግዝናው ከተረጋገጠ በኋላ ያለው ርክክብ ግን ከሁለት ተኩል አያልፍም። የድክመቱ ሥር አንድ ነው፦ ታካሚዎቹ ሁለት ናቸው፣ የክሊኒኩ አሠራር ግን የተቀረጸው ለአንዲት ሴት ነው። እንቁላሉም ማህፀኑም የአንዲት ሴት ሲሆን መረጃው ሁሉ በአንድ ፋይል ተቀምጦ አንድ ሐኪም ያየዋል። ሁለት ሲሆኑ ግን ወሳኝ ነገር በሁለቱ ፋይሎች መሃል ይወድቃል። የቀረው ጽሑፍ በአመዛኙ የሚወድቀው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚያዝ ነው።

ማን ትስጥ፣ ማን ታርግዝ

ብዙ ጥንዶች ክሊኒክ የሚገቡት ይህን ወስነው ነው፤ «እሷ ማርገዝ ትፈልጋለች፣ እኔ አልፈልግም» ብለው። ፍላጎት ክብደት አለው፣ ግን ከምርመራው በፊት መደምደም አይገባም። የስኬቱን ዕድል የሚወስነው የእንቁላሉ ዕድሜ እንጂ የማህፀኑ ዕድሜ አይደለም። ዕድሜዋ ከ35 በታች ከሆነ ሴት በተወሰደ እንቁላል ከሦስት የፅንስ ዝውውር (ፅንሱን ወደ ማህፀን ማስገባት) አንዱ ገደማ በልደት ይጠናቀቃል፤ ከ40 በላይ ከሆነች ከአስር አንዱ ገደማ። ስለዚህ አንዷ 31 ሌላዋ 40 ከሆኑና ሁለቱም እኩል ፈቃደኛ ከሆኑ እንቁላሉ ከ31 ዓመቷ ቢወሰድ ዕድሉ በእጅጉ ይለያያል።

ከእንቁላል ሰጪዋ የሚታየው ኤኤምኤች የሚባለው የደም ሆርሞንና በአልትራሳውንድ የሚቆጠሩት ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ሁለቱ የሚናገሩት ስንት እንቁላል እንደሚገኝ ነው፤ ስለ እንቁላሉ ጥራት አይናገሩም። ከምታረግዘው የሚታየው ሌላ ነው፦ ማህፀኗ፣ የደም ግፊቷ፣ ስኳሯ፣ ክብደቷ። እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የማህፀን እጢ በጥቁር ሴቶች ላይ ይበዛል፣ በለጋ ዕድሜም ይጀምራል። እጢው ወደ ማህፀኑ ውስጠኛ ክፍል ገፍቶ ከገባ ፅንስ እንዳይቀመጥ ስለሚያደርግ ከዝውውሩ በፊት በካሜራ ገብቶ ማውጣት ያስፈልጋል። በውጭ በኩል ያለ ትንሽ እጢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ይተዋል። የአልትራሳውንድ ውጤቱን ስትቀበሉ «እጢ አለ» የሚል ቃል ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ የት እንዳለና ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አስጽፉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መባል አለበት። ሁለታችሁም ጤነኛ ከሆናችሁና «ሁለታችንም በአካላችን እንሳተፍ» የሚለው ለእናንተ ያን ያህል የማይከብድ ከሆነ፣ የለጋሽ ዘር በቀጥታ ወደ ማህፀን የሚገባበት ኢንሴሚኔሽን እጅግ ርካሽና ቀላል ነው። የጋራ እናትነት ያለ መርፌና ያለ ማደንዘዣ አይሆንም። ክሊኒኩ ይህን አማራጭ በመጀመሪያው ቀጠሮ ካላነሳ እናንተ አንሱት።

መርፌው፣ ሰዓቱ፣ ቆጠራው

የሰጪዋ ወገን እንዲህ ይሄዳል። የወር አበባዋ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከረጢቶቹን የሚያሳድገውን የኤፍኤስኤች ሆርሞን መርፌ ትጀምራለች፤ ጎናል ኤፍ፣ በምፎላ ወይም ሜኖፑር ሊሆን ይችላል። መጠኑ በአብዛኛው በቀን ከ150 እስከ 300 ዩኒት ነው፤ ኤኤምኤቿ ከፍ ያለ ከሆነ ዝቅ ይደረጋል። ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ እንቁላሉ ያለጊዜው እንዳይለቀቅ ሴትሮታይድ 0.25 ሚሊ ግራም በየቀኑ ይጨመራል። በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት አልትራሳውንድ ይታያል። ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ሦስት ያህል ከረጢቶች 17 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ሲደርሱ የማብሰያው መርፌ ይታዘዛል።

የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ይህ መርፌ ከተወጋ ከ35 እስከ 36 ሰዓት በኋላ እንቁላሉ ይወሰዳል፤ ዘግይቶ ከተወጋ እንቁላሉ ሳይበስል ይቀራል፣ ቀድሞ ከተወጋ ከመወሰዱ በፊት ሊለቀቅ ይችላል። ክሊኒኩ «10፡30 ፒኤም» ብሎ ሲጽፍ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4፡30 ነው። በቤት ውስጥ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር የምትጠቀሙ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፣ ስልክም አስደውሉ። የስድስት ሰዓት ስሕተት ሙሉውን ዙር ያስጥላል።

የጋራ እናትነት ከተራው አይቪኤፍ የሚበልጥበት አንድ ጥቅም አለ፣ ክሊኒኮቹ ግን በማስታወቂያቸው አያነሱትም። መርፌው ኦቫሪን ከልክ በላይ አነሳስቶ ሆድ ውስጥ ውኃ የሚያስቋጥረው ኦኤችኤስኤስ የሚባለው ችግር በዋናነት የሚቀሰቀሰው በኤችሲጂ ሆርሞን ነው፤ የሚባባሰውም ሴትዮዋ ስታረግዝ አካሏ ራሱ ኤችሲጂ ስለሚያመርት ነው። እዚህ ግን እንቁላል የሰጠችው አታረግዝም። ስለዚህ የማብሰያው መርፌ ኤችሲጂ መሆኑ ቀርቶ ቡሰረሊን ወይም ትሪፕቶረሊን ሊሆን ይችላል፤ አደጋውም እጅግ ይቀንሳል። ከረጢቷ የበዛ ሰጪ ኦቪትሬል የሚባለው ኤችሲጂ ከታዘዘላት «ለምን ይሄኛው?» ብላ ትጠይቅ። ብዙ ጊዜ መልሱ «ለሁሉም የምንሰጠው ስለሆነ» ነው፤ ይህ መልስ በቂ አይደለም።

እንቁላል ማውጣቱ በቀላል ማደንዘዣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ቁጥሩ በየደረጃው ስለሚቀንስ ቀድሞ መዘጋጀት ጥሩ ነው። 12 እንቁላል ከተገኘ 9 ወይም 10 የበሰለ፣ 7 ያህል የተዳቀለ፣ አምስተኛው ቀን ላይ 3 ወይም 4 ፅንስ መቅረቱ የተለመደ ነው። መዳቀሉ ከ16 እስከ 18 ሰዓት በኋላ ስለሚታይ ስልኩ በማግስቱ ጧት ይደወላል። ዘሩን አንድ በአንድ ወደ እንቁላል የሚወጋው ኢክሲ የሚባለው ዘዴ ብዙ ጊዜ በጥቅሉ ውስጥ ይካተታል። የለጋሽ ዘር ተመርጦ የተቀመጠ ስለሆነ ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ሲቀልጥ እንቅስቃሴው ከደከመ ግን ትክክል ነው። ውሳኔው በዕለቱ በዘሩ ሁኔታ እንዲሆን ጠይቁ።

የምታረግዘዋ ወገን ሁለት መንገድ አለው። የሚያመቸው፣ ክሊኒኮቹም የሚወዱት፣ በመድኃኒት የሚዘጋጀው ዙር ነው፦ ፕሮጊኖቫ የሚባለው ኢስትሮጅን 2 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከወር አበባው መጀመሪያ፣ ከ10 እስከ 12 ቀን በኋላ አልትራሳውንድ፤ የማህፀኑ ሽፋን ቢያንስ 7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሳይክሎጀስት የሚባለው ፕሮጀስተሮን 400 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ በብልት። የአምስት ቀን ፅንስ የሚዘዋወረው ፕሮጀስተሮን አምስት ሙሉ ቀን ከተወሰደ በኋላ፣ በስድስተኛው ቀን ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከቆጠራው ነው፤ ማታ የተጀመረውን እንደ አንድ ቀን መቁጠርና አለመቁጠር። የመጀመሪያውን መድኃኒት የወሰደችበትን ቀንና ሰዓት አስመዝግቡ። በዝውውሩ ቀን አካባቢ በደም ውስጥ ያለውን ፕሮጀስተሮን የሚለኩ ክሊኒኮች አሉ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 ናኖ ግራም በታች ከሆነ ሉቢዮን 25 ሚሊ ግራም መርፌ በየቀኑ ይጨምራሉ። ይህን የሚያደርግ ክሊኒክ ከማያደርገው ይሻላል ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው መንገድ ተፈጥሯዊው ዙር ነው። የራሷ እንቁላል የሚለቀቅበት ቀን በሽንት ወይም በደም ምርመራ ተለይቶ ከዚያ አምስት ቀን ተቆጥሮ ይዘዋወራል። ለክሊኒኩ አያመችም፤ ዝውውሩ እሑድ ላይ ሊውል ይችላል። ለምን ልትጠይቁት እንደሚገባ ከታች እናያለን።

ዝውውሩ ራሱ አምስት ደቂቃ ነው፤ የሽንት ፊኛ በመጠኑ ሞልቶ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ። ምርመራው ከ9 እስከ 14 ቀን በኋላ ነው። ደም ጠብ ሲል «አልተሳካም» ብሎ መድኃኒት ማቆም ብዙ ጊዜ የሚደረግ ስሕተት ነው፤ በመድኃኒት የተዘጋጀች ሴት ኦቫሪዋ ፕሮጀስተሮን ስለማያመርት የሚደግፈው እሱ ብቻ ነው። እርግዝናው ከተረጋገጠ እስከ 10ኛው ወይም 12ኛው ሳምንት ይቀጥላል።

ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው የደም ግፊት

ሴት በራሷ እንቁላል ስታረግዝ ፅንሱ ግማሽ ዘረመሉ የእሷ ነው። በአጋሯ እንቁላል ስታረግዝ ግን ፅንሱ ለአካሏ ሙሉ በሙሉ እንግዳ ነው። የእንግዴ ልጁ ከማህፀኗ ጋር የሚያደርገው ስምምነት ይከብዳል። በሌላ ሴት እንቁላል በተጸነሱ እርግዝናዎች የእርግዝና ደም ግፊትና ፕሪኤክላምፕሲያ (ግፊቱ ከፍ ብሎ ሌሎች የአካል ክፍሎችን የሚጎዳበት የእርግዝና ሕመም) በራስ እንቁላል ከሚደረግ አይቪኤፍ ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሚታይ ተደጋግሞ ተረጋግጧል፤ ዕድሜ ተሰልቶም ልዩነቱ አይጠፋም። ሁለተኛ ምክንያት ይጨመርበታል። በመድኃኒት በተዘጋጀ ዙር ውስጥ እንቁላል ስለማይለቀቅ ኮርፐስ ሉቴም የሚባለው አካል አይፈጠርም፤ እሱ የሚያመነጫቸው የደም ሥርን የሚያለዝቡ ንጥረ ነገሮችም አይኖሩም። ተፈጥሯዊውን ዙር እንድትጠይቁ የምንመክረው ለዚህ ነው። የወር አበባዋ የተስተካከለ ከሆነ የመሳካት ዕድሉ አያንስም።

ሰው ሁሉ የጋራ እናትነትን ሲያስብ «ሁለቱም ወጣትና ጤነኛ ናቸው፣ ምን ይሆናሉ» ይላል። የምታረግዘዋ መካን አይደለችም፣ ስለዚህ አደጋ ያላት አትመስልም። ይህ ግምት ነው አዋላጇንም የሚያዘናጋው።

የሚደረገው ከባድ አይደለም። ናይስ የሚባለው የብሪታንያ የጤና ተቋም መመሪያ ለፕሪኤክላምፕሲያ መጠነኛ አደጋ ከሚላቸው ውስጥ የመጀመሪያ እርግዝና፣ 40 እና ከዚያ በላይ ዕድሜ፣ 35 እና ከዚያ በላይ ቢኤምአይ (የክብደትና የቁመት ንጽጽር)፣ የእናት ወይም የእህት ፕሪኤክላምፕሲያ እና መንታ እርግዝና ይገኙበታል። ሁለቱ ከተገናኙ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ልደት አስፕሪን ከ75 እስከ 150 ሚሊ ግራም በቀን ይታዘዛል። የእንቁላሉን ነገር ጨምራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ አስፕሪኑ እንዲታሰብበት ጠይቁ፣ ራሳችሁ ግን አትጀምሩ። የቤት ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ መግዛት ከሁሉም ተጨማሪ አገልግሎት ይበልጣል። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭታ፣ ከጎድን በታች በቀኝ በኩል ሕመም፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት ካለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው፤ ቀጠሮ መጠበቅ የለም።

መንታ አደጋውን ያባብሳል። ስለዚህ አንድ ፅንስ ብቻ ይዘዋወር። ኤችኤፍኢኤ ለክሊኒኮች ያስቀመጠው ጣሪያ የመንታ ልደት ከ10 ከመቶ እንዳይበልጥ ነው። «ሁለት እናት፣ ሁለት ልጅ፣ ከየአንዷ እንቁላል አንድ አንድ» የሚለው ሐሳብ ልብ ይማርካል፤ ከሁለታችሁም እንቁላል ፅንስ ማዘጋጀት ይቻላል፣ ግን በአንድ ጊዜ ሁለቱን ማስቀመጥ የምታረግዘዋን ጤና መያዣ ማድረግ ነው። በየተራ ይሁን።

ርክክቡ

ክሊኒኩ በ7ኛው ሳምንት አካባቢ የልብ ትርታ አሳይቶ ያሰናብታል። ከዚያ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ኤንኤችኤስ ይረከባል። ለአዋላጇ የምትደርሳት ነፍሰ ጡር አንዲት ናት፤ የእንቁላሉ ባለቤት በፋይሉ የለችም። ከዚህ ሦስት ችግር ይወለዳል።

አንደኛ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት የሚደረገው የዳውን ሲንድሮም ምርመራ ስሌት የእናትን ዕድሜ ይጠቀማል። እዚህ የሚያስፈልገው እንቁላሉ በተወሰደበት ቀን ሰጪዋ የነበራት ዕድሜ ነው። የ41 ዓመቷ አርግዛ እንቁላሉ ከ30 ዓመቷ ከሆነ፣ የ41 ከተጻፈ ውጤቱ ያለ ምክንያት ያስፈራል፤ የተገላቢጦሹ ከሆነ ደግሞ ያለ ምክንያት ያረጋጋል። ሁለተኛ፣ የደም ዓይነት። የምታረግዘዋ ኔጌቲቭ ከሆነች የሕፃኑን ደም የሚወስኑት ሰጪዋና ለጋሹ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ፖዘቲቭ ከሆነ የእናቲቱ አካል የሕፃኑን ደም እንዳያጠቃ የሚሰጠው የአንቲ ዲ መርፌ ጉዳይ ይነሳል። ሦስተኛው ከላይ ያልነው ደም ግፊት ነው።

መፍትሔው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ እንቁላሉ የአጋር መሆኑ፣ የሰጪዋ የትውልድ ቀንና እንቁላሉ የተወሰደበት ቀን፣ የሦስቱ የደም ዓይነት፣ ዙሩ በመድኃኒት ይሁን በተፈጥሮ። ክሊኒኩ በደብዳቤ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁና በመጀመሪያው የአዋላጅ ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ።

እዚህ ጋ የሚያሳስብ ነገር አለ። በብሪታንያ ሕግ ክሊኒኩ የታካሚን ማንነት ያለ ፈቃድ ማውጣቱ ወንጀል ነው፤ ለጂፒያችሁ (ለቤተሰብ ሐኪማችሁ) እንኳ የሚናገረው ፎርም ላይ ከፈቀዳችሁ ነው። ከወገን ወሬ የሚሸሹ ብዙ አበሾች «አይነገር» ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ይገባናልም። ግን ያ ምልክት አዋላጇን ጨለማ ውስጥ ይተዋታል። ሐኪምና አዋላጅ በምስጢር የታሰሩ ናቸው፤ ለእነሱ ብቻ ፈቅዶ ለሌላው መዝጋት ይቻላል። አስተርጓሚ ካስፈለገም በስልክ የሚቀርብ ባለሙያ ጠይቁ እንጂ የምታውቁትን ሰው ይዛችሁ አትግቡ።

ወረቀቱ

በብሪታንያ ሕግ እናት የወለደችው ናት። እንቁላሉ የማንም ይሁን ይህ አይለወጥም። የሰጪዋ ዘረመል ብቻውን የወላጅነት መብት አይሰጣትም፤ ብዙ ጥንዶች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ መደንገጡም ተገቢ ነው። መብቱን የሚሰጣት የ2008ቱ የፅንሰት ሕግ ነው። ስለ ወላጅነት የሚናገረው ክፍሉ ሥራ ላይ የዋለው ከሚያዝያ 6 ቀን 2009 ጀምሮ ነው። ተጋብታችሁ ወይም በሲቪል ፓርትነርሺፕ ከተመዘገባችሁ አጋር ፈቃዷን እንዳልሰጠች ካልተረጋገጠ በስተቀር ሁለተኛ ወላጅ ናት። ካልተጋባችሁ ግን ሁለት ፎርም ያስፈልጋል፦ «ደብልዩ ፒ» በምታረግዘዋ፣ «ፒ ፒ» በአጋሯ፤ ሁለቱም ፅንሱ ከመዘዋወሩ በፊት ተፈርመው መገኘት አለባቸው።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በ2015 የከፍተኛው ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ፕሬዚዳንት ሰር ጄምስ መንቢ በሰጡት ውሳኔ እንደተገለጸው፣ ክሊኒኮች መዝገባቸውን እንዲፈትሹ ሲታዘዙ 51 ክሊኒኮች፣ ማለትም 46 ከመቶ፣ የወላጅነት ፎርሞቻቸው ላይ ጉድለት አግኝተዋል። የጠፋ ፎርም፣ ቀኑ የተሳሳተ ፎርም፣ አንዷ በሌላዋ ፎርም ላይ የፈረመችበት። ልጆቹ ተወልደው አድገዋል፤ ወላጆቻቸው ወላጅ መሆናቸውን በፍርድ ቤት ማረጋገጥ ግድ ሆነባቸው። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተሻሽሏል፣ እኛ ግን አሁንም የምንለው ይህን ነው፦ ከዝውውሩ በፊት የተፈረመውን ፎርም ቅጂ በእጃችሁ ያዙ።

ከስፔን ወይም ከሌላ አገር ታክማችሁ ብሪታንያ ለምትወልዱ ይህ ክፍል በእጥፍ ይመለከታችኋል። ለተጋቡ ጥንዶች ሕጉ ሕክምናው የትም ይደረግ ይሠራል። ላልተጋቡት ግን የፎርሙ መንገድ የሚሠራው ፈቃድ ባለው የብሪታንያ ክሊኒክ ብቻ ነው። ያልተጋባችሁ ሆናችሁ ባርሴሎና ብትታከሙ እንቁላሏን የሰጠችው ሴት በእንግሊዝ ሕግ ወላጅ አይደለችም፤ ልጁን በጉዲፈቻ መውሰድ ይጠበቅባታል። ስፔን ውስጥ ደግሞ በ2006ቱ ሕግ ላይ በ2007 የተጨመረው ድንጋጌ የሚናገረው ስለተጋቡ ሴቶች ነው። እዚያ ለጋሹ ስሙ አይገለጽም፣ የሚመርጠውም ክሊኒኩ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ ልጁ ግን ለጋሹን የማወቅ መብት አይኖረውም። ለእኛ ይህ ከዋጋው ይከብዳል።

ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በወንጀል እንደሚቀጣ፣ የቤተሰብ ሕጉም ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል ብቻ እንደሚያውቅ ማስታወስ አለበት። «እናት» እና «ወላጅ» ብሎ ሁለት ሴት የሚዘረዝረውን የእንግሊዝ የልደት ምስክር ወረቀት እዚያ ማቅረብ ምን እንደሚያስከትል ከጉዞው በፊት ከሕግ ባለሙያ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ዘሩ

ከሚያዝያ 1 ቀን 2005 ወዲህ በብሪታንያ የሚለግስ ሰው ልጁ 18 ሲሞላው ማንነቱ እንዲገለጽ ተስማምቶ ነው። አንድ ለጋሽ በብሪታንያ ከ10 ቤተሰብ በላይ አይሰጥም። ጥቁር ለጋሾች ጥቂት ናቸው፤ መልኩ ሐበሻ የሆነ ለጋሽ ማግኘት ደግሞ ከዚያም ይከብዳል፤ ከውጭ ባንክ ማስመጣት ወይም የሚታወቅ ሰው መጠየቅ የግድ ሊሆን ይችላል። የሚታወቅ ሰው ከሆነ በክሊኒክ ይሁን፤ ምርመራውና የወራት ማቆያው ይረዝማል፣ ግን የአባትነቱ ጥያቄ ይዘጋል።

አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ብዙ ክሊኒኮች ሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስ ያልያዛትን ሴት ቫይረሱ ካለበት ለጋሽ ጋር አያገናኙም፤ ስለዚህ ምርጫዋ ይጠባል። ምሥራቅ አፍሪካ ያደገ ሰው አብዛኛው በልጅነቱ ተይዞ ስላለፈ ይህ እገዳ አይመለከተው ይሆናል። ቁልፉ የምታረግዘዋ ውጤት ነው። ክሊኒኩ የሰጪዋን ብቻ አይቶ ለጋሽ ከከለከላችሁ እንደገና ይታይ በሉ። ለታናሽ ወንድም ወይም እህት ከዚያው ለጋሽ ተጨማሪ ቱቦ ማስቀመጥ የምትፈልጉ ከሆነ በመጀመሪያው ግዢ አድርጉት፤ በኋላ አልቆ ይገኛል።

ዋጋው፣ ትርፉና ትርፍ ያልሆነው

ከክሊኒክ ክሊኒክ ይለያያል፤ በግምት ዙሩ ራሱ ከ5,000 እስከ 8,000 ፓውንድ፣ መድኃኒቱ ከ1,000 እስከ 2,000፣ አንድ ቱቦ ዘር ከ1,000 እስከ 1,500፣ ፅንስ ማቆያ በዓመት ከ300 እስከ 400። በማስታወቂያው ላይ የምታዩት ቁጥር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የሁለታችሁ ምርመራ፣ ማደንዘዣው፣ የቀዘቀዘ ፅንስ ዝውውሩ ውስጥ አለ ወይስ የለም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ቀድሞ እንቁላል የምትሰጠው አጋር እንደ ማንኛውም እንግዳ ለጋሽ ትመረመር ስለነበር ከ1,000 ፓውንድ በላይ ይጨመር ነበር፤ በ2024 መገባደጃ ሕጉ ተሻሽሎ ያ ግዴታ ተነስቷል። ያረጀ የዋጋ ዝርዝር ላይ አሁንም ካያችሁት አትክፈሉ። ኤንኤችኤስ የጋራ እናትነትን በአብዛኛው አይሸፍንም፤ የ2022ቱ የሴቶች ጤና ስትራቴጂ የሴት ጥንዶችን መሰናክል ለማንሳት ቃል ገብቶ ነበር፣ የየአካባቢው ቦርዶች ግን እኩል አልተገበሩትም።

ተጨማሪ አገልግሎቶቹ ላይ ጥብቅ ነን። የማህፀን ሽፋን መጫሩን በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል። ፅንሱን በካሜራ የሚከታተለው ታይም ላፕስ በ2024 በላንሴት በታተመው የብሪታንያና የሆንግ ኮንግ ጥናት የልደት ዕድልን አልጨመረም። እነዚህን በነፃ ከሰጧችሁ ተቀበሉ፤ አትግዙ።

ሁለቱም ሴቶች ፅንሱን እንዲሸከሙ ያደርጋል የሚባለው መሣሪያ ለብቻው ይታይ። ኢንቮሴል የምትባለው ትንሽ ዕቃ እንቁላልና ዘር ተደርጎባት በሰጪዋ ብልት ውስጥ እስከ አምስት ቀን ትቀመጣለች፤ በ2015 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዷታል፤ በ2018 ቴክሳስ ውስጥ በዚህ መንገድ የጀመረ ፅንስ በሌላዋ እናት ማህፀን አድጎ ተወልዷል። አኔቪቮ ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር የምታህል ካፕሱል ሆና ወደ ማህፀን ለአንድ ቀን ገደማ ትገባለች፤ በ2019 እንግሊዝ ውስጥ በዚህ መንገድ ሁለት እናቶች የተሸከሙት ልጅ ተወለደ። የሰጪዋን አካል ለጥቂት ሰዓት ወይም ቀን ማሳተፏ እውነት ነው፣ ለአንዳንድ ጥንዶች ይህ ብዙ ማለት ነው፤ አንንቀውም። ነገር ግን ከላብራቶሪ ማሞቂያ የበለጠ ልጅ ታስገኛለች የሚል ማስረጃ የለም፤ በኢንቮሴል ደግሞ የሚገቡት እንቁላሎች ጥቂት ናቸው።

የተረፉት ፅንሶች የመጨረሻው ጉዳይ ናቸው። ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ወዲህ እስከ 55 ዓመት ማቆየት ይቻላል፣ ፈቃዱ ግን በየ10 ዓመቱ መታደስ አለበት። ማሳሰቢያው የሚላከው ክሊኒኩ ባስመዘገበው አድራሻ ነው፤ ቤት ስትቀይሩ የሁለታችሁንም አሳውቁ። ከዚህም በላይ ብትለያዩ ፅንሱ ሳይዘዋወር እስካለ ድረስ እንቁላሉ የወጣላት ሴት ፈቃዷን ልታነሳ ትችላለች፤ የወለደችው ምን ያህል ብትፈልገውም ፅንሱን ልትጠቀምበት አትችልም። ፈቃዱ ከተነሳ ሌላዋ ወገን የምታገኘው ቢበዛ የአንድ ዓመት ማሰቢያ ጊዜ ነው። ይህን ጉዳይ ለማንሳት ምርጡ ቦታ ክሊኒኩ የሚያቀርበው የምክር አገልግሎት ነው፤ በብዙ ክሊኒኮች በዋጋው ውስጥ አንድ ቀጠሮ ይካተታል፣ ሁለተኛም ጠይቁ።